ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ለእድር ዳኞችና አባላት የቀረበ ዲስኩር



ይህን ስብሰባ ያዘጋጁት አባት ሲጋብዙኝ ሁለት አደራ ሰጥተውኛል። አንዱ «እንዳታስፈራራቸው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስለ እብድ ብቻ አታውራ፤ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሰው ይተኛብሃል» የሚል። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ስለዚህ ከራሳችሁ ሥራ እነሣለሁ።

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጡሩምባ ይነፋል። ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ትልልቁ ድስት ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሐዘንተኛው ስለ ምግብ፣ ስለ ሬሳ ሳጥን፣ ስለ መኪና እንዲያስብ አይጠበቅበትም፤ የሚያስቡለት አሉ። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል። ጮኾ ማልቀስ ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም ካላለቀሰ ይታማል። «ምን አገኘው? እንዴት ሆኖ ሞተ?» እያለ የመጣ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ እሱም ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ይናገራል። ከዚያ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ሐዘኑ ቀን ተቆርጦለት እየቀለለ ይሄዳል። በሙስሊሙ ቤትም ለተዕዚያ የሚመጣው ሰው ቤቱ ጭር እንዲል አያደርግም፤ ምግቡም ከጎረቤት ነው የሚመጣው።

እኔ የምሠራው በሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ሰው በንግግር የሚታከምበት ሙያ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኛ ተምረን ከምናደርገው አብዛኛውን እናንተ ድንኳን ውስጥ ታደርጉታላችሁ። የተጎዳውን ሰው ብቻውን አትተዉትም። ዕንባውን አትከለክሉትም። የደረሰበትን እስኪበቃው ያወራል። ወደ ሥራው የሚመለስበትንም ቀን ቀስ አድርጋችሁ ታሳውቁታላችሁ። ስለዚህ እናቱን የቀበረ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ ብዬ አልሰብክም። አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም።

የእኔ በር የሚንኳኳው ሬሳ በሌለበት ሐዘን ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተቀመጡ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዜናው ሲነገር አገሩ ሁሉ ስለ ትምህርት ጥራት ተከራከረ፤ መከራከሩም ተገቢ ነው። በዚያው ሳምንት ግን በየቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ልጅ ነበር። ጎረቤት ሊያጽናናው መጣ? የመጣ ካለ «የነእንትና ልጅስ ስንት አመጣ?» ሊል ነው የመጣው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልም የኖረውን በአንድ ቀን ቀበረ፤ ጡሩምባ የነፋለት ግን የለም።

ትዳሯ የፈረሰባትን ሴት አስቡ። ልጅ አልወለድ ያላትን አስቡ፤ በየክርስትናውና በየአቂቃው ጥሪ ሥጦታ ይዛ ትሄዳለች፣ ስቃም ትመለሳለች። ሱቁ የከሰረበትን ነጋዴ አስቡ። ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ተነሥቶ ከተማ ዳር የሰፈረውን ሽማግሌ አስቡ፤ ይህ ከእናንተ መካከል በራሱ የደረሰበት አለ። ግድግዳው አዲስ ነው፣ ውሃው አንዳንዴ ይመጣል፣ እሱ ግን ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰላም የሚለው ሰው የለውም። አርባ ዓመት ያዋጣበት እድርም ተበትኗል።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ መርዶ ያልመጣለት ቤት ነው። በሰሜኑ ጦርነት የዘመተ ልጅ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ወላጆቹ ስልክ መጠበቅ ጀመሩ። ልጁ አልደወለም፤ ሞተ ብሎ የመጣም የለም። ከል እንዳይለብሱ ሟርት ይሆንባቸዋል፤ እንዳይተዉት ዓመታት አለፉ። በማዕዱ ላይ ለልጁ የሚቀመጠውን ሳህን ማንሣት በእሱ ላይ መፍረድ ይመስላቸዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የገቡበት ያልታወቀ አብራሪዎችን ቤተሰቦች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስታጠና ይህንኑ አይታለች፤ ሰው መጨረሻውን ካላወቀ ሐዘኑን መጀመርም መጨረስም ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ የሕክምናው ሥራ «ሞቷል ብላችሁ እርማችሁን አውጡ» ማለት አይደለም። ማን ደፍሮ ይላል? ተስፋውንም ሐዘኑንም አብረው ይዘው ለቀሩት ልጆች ምሳ ማብሰል የሚችሉበትን መንገድ መፈለግ ነው።

እንግዲህ የንግግር ሕክምና የሚባለው ነገር ምን እንደሚያደርግ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ከብዙ ሰው ታሪክ ቀላቅዬ የምነግራችሁ ስለሆነ የማን ልጅ ናት ብላችሁ አትፈልጓት።

አንዲት ወጣት ከቤይሩት ተመለሰች። ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ደሞዟን በየወሩ ስትልክ የነበረው ቤት እንዲሠራላት ነው። ስትመጣ ቤት የለም፤ ገንዘቡ ወንድም አግብቶበታል፣ አባት ታክሞበታል፣ የቀረውም ተበልቷል። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችው ራሷን እያመማትና ጨጓራዋ እየተቃጠለ ነው። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት። ተመልሳ ሄደች፤ ሌላ የጨጓራ መድኃኒት። ይህን ስል የጤና ጣቢያውን ነርስ መውቀሴ አይደለም፤ ደጅ ላይ ስንት ሰው ተሰልፎ እያየች ከአምስት ደቂቃ በላይ የምትሰጥበት ጊዜ የላትም።

በመጨረሻ እኛ ዘንድ ስትደርስ መጀመሪያ የተጠየቀችው ከእንቅልፏ ስትነቃ ጀምሮ ቀኗ እንዴት እንደሚውል ነው። እስከ እኩለ ቀን ትተኛለች። መጋረጃው አይገለጥም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል። ይህን ሁሉ ስትናገር አማካሪዋ «ወንድምሽን ክሰሺው» አላለችም፤ «ይቅር በይው»ም አላለችም። ያለባትን ችግር አንድ በአንድ እንድትዘረዝር ጠየቀቻት። ገንዘቡ፣ ወንድሟ፣ እንቅልፏ፣ ሥራ ማጣቷ፣ ብቸኝነቷ፣ ቤይሩት እያለች የደረሰባትና ለማንም ያልነገረችው ነገር። ከዚያ «ከእነዚህ ውስጥ በዚህ ሳምንት ትንሽ ልንነቀንቀው የምንችለው የትኛው ነው?» ተባለች። ብዙ ካሰበች በኋላ «ከቤት መውጣት» አለች።

እንዴት? መቼ? ማንን ሳታገኝ? ተነጋገሩበት። በሳምንት ሦስት ቀን ለኪዳን ጸሎት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት፤ በዚያ ሰዓት ጠያቂ ሰው መንገድ ላይ አይበዛም። በሳምንቱ ተመልሳ ስትመጣ ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ ነበር የሄደችው። አልተወቀሰችም። «ያን ቀን ከቀሩት ቀናት ምን ለየው?» ተባለች።

ይህን ለሰማ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት የሚለኝ አይጠፋም። ግን ውስጡ ያለውን ተመልከቱ። ድብርት የያዘው ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲሻለኝ እወጣለሁ ይላል። ሳይወጣ በቆየ ቁጥር የሚያስደስተው ነገር ይጠፋል፣ ድብርቱም ይብሳል። ሕክምናው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ በመጀመሪያ ትንሽ መንቀሳቀስ፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይከተላል። ይህ በጥናት ተደጋግሞ የተፈተነ ነገር ነው፤ መካከለኛ በሆነ ድብርት ላይ ከመድኃኒት ጋር የሚወዳደር ውጤት አለው። እሷም ቀስ በቀስ ወደ ወንድሟ ጉዳይ ደረሰች፤ ምን እንዳደረገች ግን የራሷ ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሱ የደረሰበት ይኖራልና። አንድ የታክሲ ሾፌር መሪ እንደያዘ ልቡ ድንገት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እጁ ይደነዝዛል፤ ሞትኩ ይላል። ሆስፒታል ሮጦ የልብ ምርመራ ያደርጋል፤ ልቡ ጤነኛ ነው። «ምንም የለብህም» ብለው ይሸኙታል። እሱ ግን ያየውን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ልቡን ያዳምጣል። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ትንሽ ቢፈጥን «መጣ!» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ልቡን የባሰ ያስሮጠዋል፤ በኃይል ይተነፍሳል፤ በኃይል መተንፈሱ ደግሞ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱን ያደነዝዘዋል። ክቡ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ወር ይህንን የሚያስረዳው ሰው ቢያገኝ፣ ከዚያም በሚፈራው መንገድ ላይ እየተደገፈ ቢነዳ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይገላገላል። ካላገኘ መጀመሪያ ቀለበት መንገዱን ይተዋል፣ ከዚያ መኪናውን ይሸጣል፣ ከዚያ ማታ ማታ ለመተኛት መጠጥ ይጀምራል። በእኛ ሙያ መከላከል ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው በመጀመሪያው ወርና መኪናው በሚሸጥበት ቀን መካከል ስላለው ጊዜ ነው።

«ታዲያ እኛ አጽናኝ ሞልቶን የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሞልቶናል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

እኛ ለማጽናናት እንቸኩላለን። ሰው ሆዱን ሊከፍት አንድ ቃል ሲያወጣ «አይዞህ፣ ያልፋል» እንላለን። «ከአንተ የባሰ አለ» እንላለን። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እንላለን። «ለምን ጸበል አትጠመቂም» እንላለን። ሁሉም ከደግነት ነው። ሰሚው ጋር ሲደርስ ግን «ይበቃል፣ ዝም በል» ሆኖ ይደርሳል። ምክርም እንደዚሁ ነው፤ ገና ታሪኩ ሳያልቅ መፍትሔ የሚሰጥ ሰው የራሱን ጭንቀት ነው የሚያስታግሰው። እኔ እንደማምነው እኛ የጎደለን ደግ ሰው አይደለም፤ መስማት የተማረ ሰው ነው። መስማት ደግሞ ይማሩታል፤ ቡና ማፍላትም በልምድ እንጂ በተፈጥሮ አልመጣም።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን ዚምባብዌ ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. መንግሥት በየከተማው ደሳሳ ቤቶችን ሲያፈርስ፣ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤቱን ወይም መተዳደሪያውን አጣ። በዚያው ዓመት ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም አንዲት ወጣት ታካሚውን ራሷን በማጥፋቷ አጣት። ለምን ወደ እኔ አልመጣችም ብሎ እናቷን ቢጠይቅ፣ ለአውቶቡስ የሚከፈል 15 ዶላር አልነበረንም አሉት። በአገሩ የነበሩት የሙያ ባልደረቦቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ገንዘብ የለም፤ ክሊኒክ ውስጥም ክፍል የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሀራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባለው ሰፈር የተሰጡት 14 አያቶች ነበሩ፤ በጤና በጎ ፈቃደኝነት ሰፈሩን ሲያገለግሉ የኖሩ አሮጊቶች።

ከክሊኒኩ ግቢ ዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ አስቀመጡ። መጀመሪያ ስሙን «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» አሉት፤ የሚቀመጥበት ጠፋ። አያቶቹ ናቸው ስሙ ይለወጥ ያሉት፤ የጓደኝነት አግዳሚ ተባለ፣ ሰውም መጣ። የሚመጣው ሰው በገዛ ቋንቋው የተዘጋጁ 14 ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ብዙ ታስባለህ ወይ፣ ዕንባ ዕንባ ይልሃል ወይ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ የመሳሰሉ። ከዚያ አያቲቱ ታሪኩን ትሰማለች፣ ችግሮቹን ታስዘረዝረዋለች፣ አንዱን ታስመርጠዋለች፣ አንድ እርምጃ ይዞ እንዲሄድና እንዲመለስ ታደርጋለች። ከቅድሟ ወጣት ታሪክ ጋር አንድ መሆኑን አይታችኋል፤ ዘዴው ያው ነው። እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ከተገኘ አያቲቱ ብቻዋን አትይዘውም፤ ወዲያው ወደ ተቆጣጣሪዋ ታስተላልፈዋለች።

በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ክትትል ካገኙት ውስጥ ወደ 50 በመቶ የሚጠጉት የድብርት ምልክት ነበረባቸው። በአግዳሚው ካለፉት ግን 14 በመቶ ገደማ ብቻ። አያቶቹ የሠሩት ሌላው ነገር ለእናንተ ይበልጥ ይገባችኋል፤ የጨረሱትን ሰዎች በክብ አሰባስበው ከፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ እንዲያወሩ አደረጉ። ማኅበር ማለት ነው።

በፓኪስታን ገጠርም የመንደር የጤና ሠራተኛ ሴቶች ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች እንዲህ ያለ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። 2008 እ.ኤ.አ. ላይ የወጣው ጥናት ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ በድብርት ላይ የነበሩት በሠለጠኑት ሠራተኞች ከተጎበኙት እናቶች 23 በመቶ፣ ከሌሎቹ 53 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የእናት ድብርት ደግሞ በእናት አይቆምም። ልጁን ታቅፋ ዓይኑን የማታየው፣ ሲያለቅስ ለመነሣት አቅም የምታጣው እናት ልጅ አፉን ለመፍታትም ለማደግም ሊዘገይ ይችላል። እኛ በጥንቱ ልማድ አራስ ብቻዋን አትቀመጥም ነበር፤ ገንፎው፣ ቅቤው፣ ጠያቂው፣ አራስ ጠባቂዋ። አሁን ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ባሏ ሥራ ሄዶባት ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር የተዘጋባት ልጃችን አለች። እናቷ ክፍለ ሀገር ናት። የታችኛዋ ጎረቤት ስሟን አታውቅም። ይቺን ልጅ በአርባ ቀን ውስጥ ማን በር አንኳኳላት ብሎ መጠየቅ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከማንኛውም የአእምሮ ጤና ዘመቻ ይበልጣል።

በእኛም አገር ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። ለአሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታላችን በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ስሙ ራሱ ለሰው መሰደቢያ እስኪሆን። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው በገጠር ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ ድብርትንና የሚጥል በሽታን ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። ለነፍሰ ጡሮችም ያ ችግርን ለይቶ የመፍታት ዘዴ ለአካባቢው ተስማምቶ ተሞክሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። የሚጎድለው ከእነሱና ከሕመምተኛው ቤት መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ እዚያ መካከል ያለው ደግሞ እድር ነው።

አሁን ሙያዬን ትንሽ ልተች። በየአደጋው ቦታ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» የሚል ጃኬት የለበሰ ሰው ሮጦ መግባት የተለመደ ሆኗል። አሜሪካዊው ጄፍሪ ሚቸል በ1983 እ.ኤ.አ. በአደጋ ቦታ የሠሩ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ወዲያው ሰብስቦ ያዩትን በዝርዝር የማስነገር ዘዴ አቅርቦ ነበር። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፣ ለተጎጂዎችም አዋለው፤ ማን የሚጠላው ነገር ነው? ኋላ ሲጠና ግን ለተጎጂ ብቻውን በአንድ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ያለ ማስነገር ሕመምን አልከላከለም። እንዲያውም በመኪና አደጋና በቃጠሎ በተጎዱ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የተደረገላቸው ካልተደረገላቸው የባሱበት ሁኔታ ታይቷል። ደም ያልደረቀበትን ነገር በግድ አታስነግሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ ዘመዱ የት እንዳለ ማወቅ፣ ሊናገር ከፈለገ የሚሰማው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው፤ እዩ፣ አድምጡ፣ አገናኙ። ድንኳን ይህን ያውቃል፤ ሰው እስኪናገር አብሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ንግግር የማይደርስበትም አለ። ስሪ ላንካ በ1995 እ.ኤ.አ. ከዓለም ብዙ ሰው ራሱን ከሚያጠፋባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ዋናው መንገድ የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ መጠጣት ነበር። መንግሥት በጣም አደገኛ የሆኑትን መርዞች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አገደ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሁሉም ደስተኛ ስለሆኑ አይደለም፤ በዚያች ክፉ ሰዓት እጃቸው የሚደርስበት መርዝ የቀድሞውን ያህል ገዳይ ስላልነበረ እንጂ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ መርዝ ያስቀመጠ፣ መሣሪያ ያስቀመጠ ሰው ልጁ ሲከፋው ካየ መጀመሪያ ቁልፉን ይያዝ፣ ምክሩ ይቆየው። የቤት ኪራይ ያቃተውን ሰውም እኔ አነጋግሬ ኪራዩን አልከፍልለትም።

ራስን ስለ ማጥፋት አንድ የተሳሳተ ፍርሃት ላንሣ። ሰውን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል ብለን እንፈራለን። ጥናቱ የሚያሳየው አያመጣበትም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። በቀስታ፣ ለብቻው፣ ፊት ለፊት ይጠየቅ። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? እንዴት አድርገህ ልታደርገው አሰብክ?» መልሱ አዎ ከሆነ፣ መንገዱንም ካሰበበት፣ ያን ቀን ብቻውን አይደር፤ በማግሥቱም ሳይሆን በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሁሉ ያሳድደኛል የሚል፣ ቀን ከሌሊት ሳይተኛ ሳምንት የሚያልፍበት፣ እሱ ግን መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ወሬ አይበቃውም። ጸበልም ልከለክል አልመጣሁም። በአዲስ አበባ ሐኪሞችና የጸበል አባቶች ተስማምተው አንዱ ሌላውን ሳይነቅፍ የሠሩበት ስፍራ አለ፤ ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይወስዳል። እኔ አጥብቄ የምቃወመው ሰንሰለቱንና «መድኃኒቱን ጣለው» የሚለውን ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ኤችአይቪ በከፋበት ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ በቤቱ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ያኔ «እድር ለቀብር ነው» ያለ ሰው አልጠፋም ነበር፤ ሆኖም ተደረገ። አሁንም ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከየእድሩ እንድትመርጡ ነው የምለምነው። አንደበተ ርቱዕ አትምረጡ። ጉባኤ ላይ ብዙ የሚናገረውን ተዉት፤ ቡና ሲጠጣ ሌሎች ወደ እሱ እየተጠጉ የሚያዋዩትን ሰው ታውቁታላችሁ፣ እሱን ምረጡ። ሥልጠናው አጭር ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየጊዜው ከባለሙያ ጋር ተገናኝቶ የከበደውን ነገር የሚያወያይበት ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ካልተደገፈ የሰማው ሁሉ ራሱን ይጥለዋል። ለትራንስፖርቱ እድሩ ይክፈል፤ በነጻ የተጀመረ ነገር በሦስተኛው ወር እንደሚቆም ገንዘብ ያዦቹ ያውቃሉ።

ትልቁ እንቅፋት ምሥጢር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። የትዳሬን ገመና ነግሬው በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ከአጠገቤ ሊቀመጥ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት እድሮች አድማጮቻቸውን ይለዋወጡ፤ የዚህ ሰፈር ሰው የዚያን ሰፈር ሰው ይስማ። የሚገናኙበትም ቦታ የእድሩ ቢሮ አይሁን፤ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ይቆጥራል። ስም የሚጻፍበት መዝገብም አይኑር፤ ለሪፖርት ከተፈለገ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

መተዳደሪያ ደንባችሁ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። የሰማውን ምሥጢር ያወጣ አድማጭ ምን እንደሚሆን ግን እስካሁን በየትኛውም ደንብ ላይ አላየሁም። ቅጣቱን እኔ አልወስንም፤ ግን ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት አንቀጹ ተጽፎ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ፣ ለአባላቱ ተነብቦ ማየት እፈልጋለሁ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ረቂቁን የሚጀምር ካለ ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።